አሥራ ሁለት ዜሮዎች፦ በጠባብ ካፍ የተለካ የደም ግፊት ጉዳይ

ካርዱ ላይ በስድስት ቀጠሮ የተመዘገበው የደም ግፊት እንዲህ ይላል፦ 160/100፣ 170/100፣ 160/90፣ 170/100፣ 160/100፣ 170/90። ከስድስቱ አራቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌን አልክድም። በተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ይህን ጉዳይ የምጽፈው ከጥፋቱ ባለቤቶች አንዷ ስለሆንኩ ነው። የታካሚዋን ማንነት የሚጠቁም ነገር ሁሉ አውጥቻለሁ።

ወይዘሮዋ ስድሳ ዓመት ግድም ናቸው። መጀመሪያ የመጡት ግፊት አለብኝ ብለው ሳይሆን ጉልበታቸውን አሟቸው ነበር። ሰውነታቸው ሞላ ያለ ነው፤ ክንዳቸው ከትከሻ አጠገብ ወፍራም ሆኖ ወደ ክርን ሲወርድ ቶሎ ይቀጥናል። እንደ ማንኛውም ታካሚ ግፊታቸው ተለካና 160/100 ተባለ። በሁለተኛው ቀጠሮ 170/100 ሲሆን ሐኪሙ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም ጀመሩላቸው። ለጉልበታቸው ይወስዱት የነበረው አይቡፕሮፌንም ግፊት ስለሚጨምር በፓራሲታሞል ተተካ። ቁጥሩ አልወረደም። አምሎዲፒኑ ወደ 10 አደገ፤ ቀጥሎ ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊ ግራም ተጨመረ፤ ቀጥሎ ደግሞ ኢናላፕሪል፣ በቀን ሁለት ጊዜ 10 ሚሊ ግራም። ሐኪሙ በደንቡ መሠረት ሠርተዋል። ጉድለቱ እሳቸው የሚያዩት ቁጥሩን እንጂ አለካኩን አለመሆኑ ነው። አለካኩ የኔ ነበር።

በአራተኛው ቀጠሮ ላይ ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ነበር። በአምስተኛው ላይ «ልጄ፣ ከተቀመጥኩበት ስነሳ ዓለም ይዞርብኛል» አሉኝ። የመለስኩላቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ «ግፊትዎ ከፍ ስላለ ነው፤ መድኃኒቱን አያቋርጡ» አልኳቸው። አላቋረጡም። ከስድስተኛው ቀጠሮ ጥቂት ቀናት በኋላ ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ ሲነሱ ወደቁ። የእጃቸው አንጓ አበጠ፤ ራጁ ግን ስብራት አላሳየም።

ሽንት የሚያበዛውን ጨምሮ ሦስት መድኃኒት በበቂ መጠን እየተወሰደ የማይወርድ ግፊት «መድኃኒት የሚቋቋም» ይባላል፤ እንዲህ ያለው ታካሚ የኩላሊት ወይም ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ ችግር እንዳለበት እንዲመረመር ወደ ስፔሻሊስት ይላካል። ሐኪሙ የሪፈር ቅጹን ጀምረው የልኬቱን ክፍል እንድሞላ ሰጡኝ። ቅጹ ላይ ከግፊቱ ቁጥር ቀጥሎ ሁለት ባዶ መስመሮች ነበሩ፤ አንዱ «የተለካው ክንድ»፣ ሌላው «የክንድ ዙሪያ እና የካፍ መጠን» ይላል። ካፍ የምንለው ክንድ ላይ የሚጠመጠመውንና አየር የሚሞላውን ጨርቅ ነው። በሁለቱም መስመር ላይ የምጽፈው አልነበረኝም። የክንድ ዙሪያ የለካሁት በትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ያውም ለፈተና ነበር።

ወይዘሮዋ በዚያው ቀን ለአንጓቸው ክትትል መጥተው ወረፋ ላይ ስለነበሩ ጠርቼ አስገባኋቸው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ ከትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ ክርን ያለውን ርዝመት እኩል ከፈልኩና መሐሉ ላይ ዙሪያውን ለካሁ፤ 41 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በየቀኑ የምጠቀምበትን ካፍ ገልብጬ ውስጡን አየሁ። በመታሸት ብዛት የደበዘዘ ጽሑፍ አለው፤ ከ25 እስከ 34 ሴንቲ ሜትር ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ለወይዘሮዋ ካፉን ነፍቼ ወደ 180 ሲደርስ ቬልክሮው ጠጠጥ እያለ ይላቀቅ ነበር። እኔም ሁልጊዜ እንደማደርገው በመዳፌ ደግፌ እይዘው ነበር። ብዙ ባልደረቦቼ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ እንደ ሙያ ዘዴ ለአዲስ ገቢዎች ያስተማርኩትም ጊዜ አለ። ካፉ በራሱ ቋንቋ «አልበቃም» እያለ ሲጮህ አፉን በእጄ እይዘው ነበር ማለት ነው።

ካፉ ውስጥ ያለው የጎማ ከረጢት ርዝመት የክንዱን ዙሪያ 80 በመቶ ያህል ማቀፍ፣ ወርዱ ደግሞ ወደ 40 በመቶ መድረስ አለበት። ከረጢቱ ጠባብ ከሆነ የተነፋው አየር ኃይል ሥጋው ላይ ይቀርና በውስጥ ወዳለው ደም ቅዳ ሙሉ በሙሉ አይደርስም። ደም ቅዳውን ለመዝጋት ከእውነተኛው ግፊት በላይ መንፋት ያስፈልጋል፤ የመለኪያው ቀስት የሚያነበው ይህንን ትርፍ ጭምር ነው። ውሃ የሚሄድበትን ወፍራም ጎማ በአንድ ጣት ጫፍ ለማስቆም የሚጠይቀውን ጉልበትና በመዳፍ ሙሉ ለማስቆም የሚጠይቀውን ማነጻጸር ይበቃል። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ጣሊያናዊው ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ እ.ኤ.አ. በ1896 ያስተዋወቀው ካፍ ወርዱ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለነበር ግፊትን አጋንኖ ያሳይ ነበር፤ ጀርመናዊው ፎን ሬክሊንግሃውዘን በ1901 ይህን አሳይቶ ካፉን አሰፋው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም እኔ ያንኑ ስሕተት በመዳፌ ደግፌ እሠራ ነበር።

ትልቁ ካፍ ከ35 እስከ 44 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ የሚሆን ነው። ክፍላችን ውስጥ አልጠፋም፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ከነፕላስቲኩ ተቀምጦ ነበር።

መጠኑን ብቻ ቀይሬ ብለካ ኖሮ ነገሩ በግማሽ ይቀር ነበር። ሐኪሙ «እስኪ እስከ ዛሬ እንዴት እንደምትለኪያቸው አሳዪኝ» አሉኝና አሳየኋቸው። ወይዘሮዋ እንደ ወትሮው የምርመራ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እግራቸው መሬት አልነካም፤ ጀርባቸው የሚደገፍበት የለም። እጅጌያቸው ወደ ላይ ተጠቅልሎ ብብታቸው ሥር እንደ ገመድ አሠረ። ክንዳቸው ወደ ጎን ተንጠለጠለ። እኔ ስለ ጉልበታቸው እጠይቃለሁ፤ እሳቸው ይመልሳሉ። ካፉን ነፋሁ፤ ቬልክሮውን ደገፍኩ፤ አየሩን ለቀቅኩ። 160/90።

ከዚያ ሐኪሙ አንድ ነገር ጠየቁ፤ «ሽንትዎ መጥቶብዎታል?» ወይዘሮዋ አፍረው ሳቁ። ሽንት የሚያበዛውን ክኒን ጠዋት ውጠው ነው የሚመጡት፤ ወረፋው እንዳያልፋቸው ደግሞ ከመቀመጫቸው አይነሱም። ክኒኑ ከተጀመረ ወዲህ በየቀጠሮው የተለካው ፊኛቸው ተወጥሮ ሳለ ነበር። የተሞላ ፊኛ ግፊትን 10 ሚሊ ሜትርና (ግፊት የሚለካው በሜርኩሪ ሚሊ ሜትር ነው) ከዚያም በላይ ሊያስጨምር ይችላል። የመድኃኒቱ ውጤት ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ ከፍ ያለው ቁጥር ሌላ መድኃኒት ያስጨምራል። ከጉዳዩ ሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው፤ ይህን አንድ ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው አልነበረምና።

ሽንት ቤት ደርሰው ተመለሱ። መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሁለቱም እግራቸው ሳይነባበር መሬት ረገጠ። እጅጌያቸውን ሙሉ በሙሉ አወለቁ። ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ አረፈ፤ ካፉ ከልባቸው ትይዩ እንዲሆን ከሥር ትራስ ጨመርን። ለአምስት ደቂቃ ማንም አላናገራቸውም። አምስት ደቂቃ ዝም ማለት በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚረዝም የሠራበት ያውቀዋል፤ በር ሁለት ጊዜ ተንኳኳ፤ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ልናገር ብዬ ምላሴን ነከስኩ።

ትልቁን ካፍ ጠመጠምኩ። የጠርዙ ነጭ መስመር የካፉን ልክነት በሚያሳዩት ሁለት ምልክቶች መካከል አረፈ፤ ቬልክሮው ድምፅ አላሰማም። በመጀመሪያ የአንጓቸውን የደም ምት በጣቴ ይዤ እስኪጠፋ ነፋሁ፤ የጠፋበትን ቁጥር አይቼ አየሩን ለቀቅኩ። ይህ እርምጃ ያለ ምክንያት የተጨመረ አይደለም። በአንዳንድ ሰው ላይ በማዳመጫ የሚሰማው የደም ምት ድምፅ መሐል ላይ ጠፍቶ እንደገና ይመጣል፤ ገምቶ ዝቅ አድርጎ የነፋ ሰው ሁለተኛውን ድምፅ የመጀመሪያ ይመስለዋል። ቀጥሎ ከጠፋበት 30 ጨምሬ ነፋሁና በማዳመጫ እየሰማሁ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር እያልኩ ለቀቅኩ። ከ200 እስከ 80 በዚህ ፍጥነት መውረድ ከ40 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። እኔ የለመድኩት ግን ከአሥር ሰከንድ የማይበልጥ ነበር።

ዜሮዎቹ የመጡት ከዚህ ነው። መለኪያው ላይ ከአንዱ ጭረት እስከ ቀጣዩ ያለው ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር ነው። በሐቅ ከተነበበ ቁጥሮቹ በ0፣ በ2፣ በ4፣ በ6 ወይም በ8 ያልቃሉ፤ የዜሮ ድርሻ ከአምስት አንድ ነው። አሥራ ሁለት ቁጥር ተከታትሎ በዜሮ ካለቀ የታማሚዋን ደም ሳይሆን የለኪዋን ችኮላ ይናገራል። አየሩ በፍጥነት ሲለቀቅ ቀስቱ በሁለት የልብ ምት መካከል ብዙ ጭረት ይዘላል፤ ጆሮ የሰማውን ዓይን አይደርስበትም፤ እጅ የሚቀርበውን ድፍን ቁጥር ይጽፋል።

የመጀመሪያው ልኬት 132/78 ሆነ። ከደቂቃ በኋላ 128/76፤ ከሌላ ደቂቃ በኋላ 124/74። የመጀመሪያውን ትተን የቀሪዎቹን አማካይ ወሰድን፤ 126/75። ሐኪሙ ጠርጣሪ ሰው ናቸው። «ምናልባት ዐርፈው ስለተቀመጡ ብቻ ቢወርድስ?» ብለው፣ አቀማመጣቸው ሳይነካ አሮጌውን ካፍ እንድመልስ አደረጉኝ፤ 142/84። እንደገና ትልቁን፤ 128/76። ሌላው ክንድ 122/74 ስላሳየ በሁለቱ መካከል የሚያሳስብ ልዩነት አልነበረም፤ ከ10 ወይም ከ15 በላይ ቢለያይ ኖሮ ከዚያ በኋላ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳየውን ክንድ ብቻ መለካት፣ ምክንያቱንም መፈለግ ይገባ ነበር።

ከ160 እስከ 126 ያለው 34 ሚሊ ሜትር በአንድ ስሕተት የመጣ አይደለም። ወደ 15 የሚሆነው የካፉ ነው። ቀሪው ፊኛ፣ የተንጠለጠለ ክንድ፣ ያልተደገፈ ጀርባ፣ ወሬና ድፍን ቁጥር ተካፍለውታል፤ ለእያንዳንዱ ድርሻውን ቆርሶ መስጠት ግን አይቻልም፤ ስሕተቶች እንደ ሒሳብ መዝገብ አይደመሩም። በሌሎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አቅጣጫውን ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በ195 ሰዎች ላይ የተካሄደ ጥናት መካከለኛው ካፍ ትልቅ ለሚያስፈልጋቸው ሲደረግ የላይኛው ግፊት በአማካይ 4.8፣ ከትልቅም የበለጠ ለሚያስፈልጋቸው ሲደረግ 19.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ እንደሚነበብ አሳይቷል። በ2024 በ133 ሰዎች ላይ በተካሄደ ሌላ ጥናት ክንድ ጭን ላይ ሲያርፍ የላይኛው ግፊት 3.9፣ ወደ ጎን ሲንጠለጠል 6.5 ሚሊ ሜትር ተጋኗል። የመጀመሪያው ጥናት የተሠራው በአውቶማቲክ መሣሪያ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። «እኛ ዘንድ ማሽን ነው የሚለካው፣ አይሳሳትም» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ማሽኑ በካፉ ውስጥ የሚሰማውን ንዝረት ይዞ ያሰላል እንጂ ካፉ ጠባብ መሆኑን አያውቅም። ከኔ የሚሻለው በዜሮ አለመጨረሱ ነው።

ቀጥለን ወይዘሮዋን አስነሣናቸው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ 104/66፤ በሦስተኛው ደቂቃ 102/64፤ ጠረጴዛውን በእጃቸው ያዙ። ሲቆሙ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ የመቆም ግፊት መውረድ ይባላል። የሳቸው የላይኛው በ24 ወርዷል። «ይህ ነው» አሉ ወይዘሮዋ፤ «ሌሊት የጣለኝ ይህ ነው።»

ሪፈሩ ቀረ። የሆነውን ለወይዘሮዋ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ሐኪሙ እንድነግራቸው አልጠየቁኝም፣ አልከለከሉኝምም። ጸጥ ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ግፊት የለብኝም ማለት ነው?» አሉ። እኔም ያኔ የመሰለኝ እንደዚያ ነበር። አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ ሲሰማ መጨረሻው «በሽታው ውሸት ነበር» እንዲሆን ይጠብቃል። አልሆነም። 126/75 ሦስት መድኃኒት ያወረደው ቁጥር ነው፤ ያለ መድኃኒት ስንት እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም። መድኃኒቱን በአንድ ቀን ማቆም ሌላ ስሕተት ይሆን ነበር፤ ይህን አንብቦ የራሱን ክኒን የሚያስቀምጥ ሰው ካለም እንዲሁ።

ሐኪሙ አንድ በአንድ ቀነሱ። መጀመሪያ ሃይድሮክሎሮታያዛይዱ ቆመ፤ ቀጥሎ ኢናላፕሪሉ ተነሣ፤ አምሎዲፒኑ ወደ 5 ወረደ። ወይዘሮዋ ልካቸው የሆነ ካፍ ያለው የቤት መለኪያ ይዘው ለሰባት ቀን ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ እየለኩ ጻፉ፤ ጠዋት ከመድኃኒት በፊት፣ ሽንት ቤት ደርሰው ከተመለሱ በኋላ። የመጀመሪያውን ቀን ትተን የቀረውን ስናሰላ አማካዩ 139/86 ሆነ። በጤና ተቋም ወሰኑ 140/90 ሲሆን በቤት ግን 135/85 ነው፤ ሰው በቤቱ ሲለካ ዝቅ ይላልና። ስለዚህ ግፊቱ አለ፤ ያሰብነውን ያህል አይደለም እንጂ። የቤቱ ልኬት ሌላም ጥርጣሬ ፈታ፤ ነጭ ጋዋን ሲያዩ ብቻ ግፊታቸው የሚወጣ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እሳቸው ግን በቤታቸውም ከወሰኑ በላይ ነበሩ።

ኢናላፕሪል በትንሽ መጠን፣ በቀን 5 ሚሊ ግራም ተመለሰ። ከወር በኋላ የቤታቸው አማካይ 129/78 ነበር፤ ሲቆሙ 122/76፣ ማዞር የለም። የቁርጭምጭሚታቸው እብጠትም ጎደለ፤ አምሎዲፒኑ በመቀነሱ፣ ኢናላፕሪሉም ያን ዓይነቱን እብጠት ስለሚያቀል። በሦስት መድኃኒት የወደቁት ሴት በሁለት ትንንሽ መጠን ቆመው ሄዱ።

ስለ ካፉ አንድ የሚቀር ነገር አለ፤ ብዙም የሚያኮራ አይደለም። ትልቁን ካፍ ካገኘሁት በኋላ መለኪያው ላይ ሰክቼ ተውኩት። በማግስቱ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ለካሁ፤ 116/68። መድኃኒታቸው እንዲቀነስ ለሐኪሙ ልነግር ስል ካፉ ክንዳቸውን ዞሮ ዞሮ ነጩ መስመር ከምልክቶቹ ውጭ መሆኑን አየሁ። ክንዳቸው 24 ሴንቲ ሜትር ነው። በትንሹ ካፍ 126/74 ሆነ። ሰፊ ካፍ ዝቅ ያደርጋል፤ በዚያው በ195ቱ ሰዎች ጥናት ትንሽ ካፍ ለሚበቃቸው መካከለኛው ሲደረግ ዝቅታው በአማካይ 3.6 ነበር፤ የኔ ሽማግሌ ግን በሁለት ደረጃ ሰፍቶባቸው ነበር። አንዱን ስሕተት ለማረም የተነሣ ሰው ሌላውን በአንድ ቀን ይፈጥራል። አሁን ሦስቱም ካፎች ከመለኪያው ጎን በመንጠቆ ተሰቅለዋል፤ የልብስ ሰፊው ሜትርም አብሯቸው ተንጠልጥሏል።

የወይዘሮዋ ካርድ ላይ ያሉት ስድስቱ መስመሮች አልተሰረዙም፤ የሕክምና መዝገብ አይሰረዝም። ሐኪሙ በጎናቸው ቅንፍ አድርገው «ከ25 እስከ 34 በሆነ ካፍ፣ በ41 ሴንቲ ሜትር ክንድ ላይ የተለካ» ብለው ጻፉና እንድፈርም ሰጡኝ። ፈረምኩ። ባለፈው ቀጠሯቸው የለካቻቸው ሌላ ነርስ ነበረች፤ በመጋረጃው በኩል ሲያናግሯት ሰማሁ፤ «ቆዪ ልጄ፣ መጀመሪያ ሽንት ቤት ልድረስ። ስመለስ ደግሞ ትልቁን አምጪልኝ፤ ያ ትንሹ ይጮህብኛል።»